የሚመታው ደም ስር

የካቲት ስልሳ ስድስት ላይ አስተማሪዎቹ አድማ መቱና መካነ ሰላም ትምህርት ተዘጋ። ተማሪው በደስታ ሊያብድ ነበር፤ ደብተር ወደ ላይ ይወረወራል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ሐረግማ ከሁሉ በላይ ጮኻ ስትዘፍን ስለዋለች ድምጿ ጭራሽ ተዘግቶባት ነበር። በማግስቱ ግን ገጠር ያለው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደየቤተሰቡ ሄደ። ክፍል አብረዋት የተከራዩት ሁለቱ ልጆችም ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው፣ ጉንጯን ስመዋት፣ እየተሳሳቁ የከላላን መንገድ ያዙ። እሷ በር ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ቆየችና ወደ ውስጥ ገባች። ለሦስት ስትጠባቸው የኖረችው ክፍል ለአንድ ሰው እንዴት ሰፋች መሰላችሁ።

እሷ የምትሄድበት አልነበረማ። አባቷ አቶ አራጌ በየአሥራ አምስት ቀኑ ገበያ ሲወጡ ስንቅ ያመጡላት ነበር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም ድፎ። ኅዳር ላይ ስንቁ ግማሽ ሆነ፣ ታኅሣሥ ላይ ቆሎ ብቻ ሆነ፣ ከጥምቀት ወዲህ ጭራሽ ቀረ። ገበያ ውስጥ የአገሯን ሰው ፈልጋ ፈልጋ ስትጠይቅ፣ አንዱ ሰውዬ ቤታችሁ ተዘግቶ በሩ ላይ እሾህ ተደፍቶበታል አላት። ወዴት ሄዱ ብትለው አባይን ተሻግረዋል ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። ሌላው ደሞ የለም፣ በወረኢሉ በኩል ነው ያለፉት አለ። በቃ፣ የምታውቀው ይኸንኑ ነው። ወይ አባይን፣ ወይ ወረኢሉን። ሁለቱ ደሞ አንዱ ምዕራብ ነው፣ አንዱ ምሥራቅ።

ምን አለፋችሁ፣ ያኔ ከሰው የቀሩላት አከራይዋ እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ስፌት ሰፊ ናቸው። ዝም ብሎ ስፌት እንዳይመስላችሁ ደሞ፤ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴውን ከጥቁሩ እያዋደዱ ሲሰፉት ሌማቱ የሚሽከረከር ነው የሚመስለው። ወስፌዋ በቀኝ እጃቸው ውስጥ ስትመላለስ ጣታቸው ለዓይን አይያዝም። በደጉ ጊዜ ልጁን የሚድር ሁሉ ከወረኢሉ ድረስ እየመጣ ያሰፋቸው ነበር። በዛ ዓመት ግን ሌማት ላይ የሚቀመጥ ነገር ጠፍቶ ሌማቱን ማን ይገዛል? እሳቸው ግን መስፋቱን አልተዉም። እጄ ሥራ ከፈታ ሆዴን ያስታውሰዋል ይሉ ነበር።

በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ጭቃው የረገፈ ስለሆነ ሳይነሱ በቀዳዳው ይጠሯታል። አንቺ ተማሪ፣ አለሽ? አለሁ እትዬ። እንግዲያ ነይ፣ ብቻዬን መብላት አንገቴ ላይ ይቆማል ይሏታል። ስትሄድ በቁራሽ እንጀራ ላይ ቀጠን ያለች ሽሮ አለች። እሳቸው አንድ ጊዜ ይጎርሱና እኔ ቅድም ቀምሻለሁ ብለው ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። ሐረግም ታምናቸዋለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖሽ ርቦሽ ከሆነ ሰው ቅድም በልቻለሁ ሲልሽ ማመን እንዴት ቀላል ነው መሰላችሁ። በልታ ስትጨርስ ከሬዲዮ የሰማችውን ዘፈን ሁሉ ታወርድላቸዋለች፤ እሳቸውም ድምፅሽ የጠፋች ፍየል ይመስላል፣ ግን ቀጥዪ ይላሉ።

ከዛ ድንኳኑ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ የእርዳታ ድንኳን ተተከለና ረሀብ ከየቀበሌው የነቀለው ሰው እየመጣ ይተኛበት ጀመር። መድኃኒት የሚሰጠው ክንፈ የሚባል ከደሴ የመጣ ድሬሰር ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ሲደክመው ደሞ ጭራሽ የማይናገር። እኔ ቁስል ሳጥብ የብልቃጡን ጽሑፍ የሚያነብልኝ ተማሪ ስጡኝ ቢል ከተማው ውስጥ ከቀሩት ተማሪዎች እሺ ያለች ሐረግ ብቻ ሆነች። ሮጣ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ስለ ሰው አዝና ብቻ አይደለም የሮጠችው፤ የሚያናግራት ሰው ስላለም ጭምር ነው።

መጀመሪያ መርፌ መቀቀል ተማረች። ቀጥሎ ክንፈ አሮጌ ትራስ አምጥቶ ውሃ እያስወጋ አለማመዳት፣ ከዛ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ያለውን ሥጋ አሳያትና በይ ውጊ አላት። የመጀመሪያውን ሰው የወጋች ቀን ጆሮዋ ጭው ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ግን ቀና ብሎ ተመለከታትና አላህ እጅሽን ይባርከው ሐኪሟ አላት። ሐኪሟ! እቤት ገብታ ለእትዬ ዘይነባ ስትነግራቸው እጇን እያወናጨፈች ሌማቱን ገልብጣው ነበር። እሳቸው እየሳቁ ማሻአላህ፣ እንግዲህ እኔም ስታመም ሰው አለኝ አሉ።

መቼም በዛ አገር ሰው መርፌ እንዴት እንደሚወድ ታውቃላችሁ። ክኒን ብትሰጪው ጠጠር ሰጠችኝ ብሎ ያማሻል። መርፌ ደሞ ካላቃጠለ መርፌ አይባልም፤ ሲያቃጥል ነው በሽታውን ያገኘው ማለት ነው። ከመርፌም የመርፌ ንጉሥ ጉሉኮስ ነው። በቃሬዛ ተጭኖ ዓይኑ የተገለበጠ ሰው ጉሉኮስ በደም ስሩ ሲገባለት ረፋድ ላይ ቀና ብሎ ዱላዬን የት አደረጋችሁት ሲል ሐረግ በዓይኗ አይታለች። አንገቷ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ነው የቆመው።

ጉሉኮሱን ግን ክንፈ ለማንም አያስነካም። የደም ስር መርፌ ያንቺ አይደለም ብሎ ነግሯታል። ለምን የሷ እንዳልሆነ ግን አልነገራትም፤ ትወጋለች ብሎ አላሰበማ። እሷ ከትከሻው ኋላ ቆማ ስታይ ያየችው ይኼን ነው፤ የታማሚውን ክንድ በጎማ ያስራል፣ ክርኑ መታጠፊያ ላይ በጣቱ ይዳብሳል፣ ይዳብሳል፣ ከዛ አገኘሁት ይልና ይወጋል። ምን እንደሚፈልግ ማንም አልነገራትም። እሷ ግን ያወቀች መሰላት። ድንኳን ውስጥ እናቶች ልጃቸው ዓይኑን ሲከድንባቸው ጣታቸውን አንገቱ ላይ ያሳርፉና ትመታለች፣ ነፍሱ አለች ይላሉ። የሚመታ ደም ስር በሕይወት ያለ ነው፣ የማይመታው የሞተ ነው። ስለዚህ ክንፈም የሚዳብሰው የሚመታውን ለማግኘት ነው ብላ ደመደመች። ማን ደም ስር ከደም ስር ይለያል ብሎ ያስባል?

አንድ ቀን ከድንኳን ስትመለስ እትዬ ዘይነባን ደጃፋቸው ላይ በጎናቸው ወድቀው አገኘቻቸው። ቀና አድርጋ ደግፋ አስገባቻቸው፤ እንዴት ቀለሏት መሰላችሁ። ውሃ ልትሰጣቸው ዞር ብላ የዱቄቱን ቅል ከፈተች። ባዶ ነው። የሽሮውን ገንቦ ከፈተች፣ እሱም ተጠርጎ ነው። ለካ ቅድም ቀምሻለሁ ያሉት ሁሉ ውሸት ነበር፤ ለካ ስንት ሳምንት ሙሉ የሳቸውን ድርሻ ስትበላ የኖረችው እሷ ነች። እዛው ቅሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ድንኳን እንሂድ ብላ ለመነቻቸው። እንቢ አሉ። እሳቸው እኮ በእጃቸው ሠርተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያሰፋቸው ሰው ሁሉ እያየ ሰልፍ ላይ መቀመጥ ሞት ነው። ገመናዬን ቤቴ ይክተተው አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ክንፈን ደሞ ጉሉኮስ ስጠኝ ለቤት ብትለው፣ ድንኳን ለተኛ ብቻ ነው፣ አምጫት አላት። አሁን እንግዲህ ሐረግን አስቧት። አባቷ ወይ አባይ ማዶ ወይ ወረኢሉ ማዶ ናቸው። እኚህ ደሞ ከሞቱ በግድግዳው ቀዳዳ የሚጠራት ማን ይቀራል?

በማግስቱ ክንፈ ቃሬዛ ሊያወርድ ሲወጣ አንድ የጉሉኮስ ብልቃጥና አንድ ትልቅ ስሪንጅ በቀሚሷ እጅጌ ውስጥ ከትታ ወጣች። ልቧ ከበሮ ነው የሚመታው፣ ግን ልንገራችሁ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደስታም ነበር። መንገዱን ሙሉ እየሮጠች እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው ወስፌዬን የት አደረግሽው ሲሏት ይታያት ነበር።

መርፌውን እንደተማረችው ቀቀለች፣ ጉሉኮሱንም በስሪንጁ ስባ ሞላች። እትዬ ዘይነባ ከተኙበት ሆነው ያዩዋታል።

«ክንፈ ነው የላከልኝ?» አሉ።

«አዎ እትዬ። እራሱ ነው የላከኝ።»

ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩዋትና እሺ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት። ክንዳቸውን በመቀነታቸው አሰረችው። ዳበሰች። ቆዳና አጥንት ብቻ ነው፤ ደም ስሮቹ ሁሉ ጠፍተው፣ ተኝተው፣ ምንም የለም። ሊያስለቅሳት ደረሰ። ከዛ ክርናቸው መታጠፊያ ላይ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ በጣቷ ስር አንድ ነገር ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ አለ። እትዬ፣ አገኘኋት፣ እየመታች ነው አለቻቸው ደስ ብሏት። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ነፍሴ እዛ ተደብቃ ነው እንዴ አሉ።

ወጋች። ደም ሳትስበው እራሱ ዘሎ የስሪንጁ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ክንፈ ሲወጋ የሚመጣው ጠቆር ያለ፣ እየተጎተተ የሚመጣ ነው፤ ይኼ ግን ደመቅ ያለ፣ ቀይ፣ በርበሬ የመሰለ፣ የስሪንጁን መግፊያ ወደ ኋላ እየነቀነቀ የሚገፋት። ሐረግ ታዲያ ምን አለች መሰላችሁ? ደማቸው ብርቱ ነው አለች። ብርቱ ደም ነው፣ ይድናሉ። ገፋችው።

እትዬ ዘይነባ ድንገት ቀና አሉ። እሳት፣ አሉ ቀስ ብለው፣ ጣቶቼ ላይ እሳት ወረደ። ክንዴ አይደለም ያሉት፣ ጣቶቼ ነው ያሉት። ሐረግ ግን መርፌ ካላቃጠለ መርፌ አይደለም ሲባል አይደል ያደገችው፤ ትንሽ ነው፣ ይቻሉት እትዬ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው እያለች ገፋች። እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። ከስሪንጁ ግማሽ በላይ ከገባ በኋላ ነው ቀና ብላ እጃቸውን ያየችው። እጃቸው ነጥቷል። ከአንጓው ጀምሮ እስከ ጥፍራቸው ድረስ አመድ የነሰነሱበት መስሏል፤ ጣቶቻቸውም ተኮማትረዋል። መርፌውን ነቅላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ድንጋይ የመሰለ ቅዝቃዜ ነበር።

አብሽሪ ልጄ አሏት። ላብ በፊታቸው እየወረደ፣ አብሽሪ፣ ይለቀኛል።

አልለቀቃቸውም። በማግስቱ እጁ አብጦ ቆዳው ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ ነገር ተረጨበት። እሳቸው በኩታ ሸፍነው ምንም አይደለም ይላሉ፣ ግን ወስፌዋን በግራ እጃቸው አንስተው ቀኙ ውስጥ ሲያስቀምጧት ትወድቃለች። ያነሷታል፣ ትወድቃለች። ሐረግ ይኼን በግድግዳው ቀዳዳ አየችና ዘወር አለች። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ መርፌ ስትቀቅል ውላ ክንፈን በጎን ጠየቀችው፤ መርፌ የተወጋ ሰው እጁ ሊቀዘቅዝ ይችላል ወይ? ክንፈ ከሥራው ቀና ሳይል፣ በዚህ ዓመት ያልቀዘቀዘ ሰው አሳዪኝ አላት። ሳቀችለት። ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር እኮ። ግን ሌባ ይለኛል፣ ያባርረኛል፣ ከዛ ማንም የለኝም ብላ አፏን ዘጋችው። ሐኪሟ የሚሏት ሰዎች በረድፍ ተኝተው ያዩዋታል። እንዲያ በሰው ተከባ እንዲያ ብቸኛ ሆና አታውቅም።

ሦስተኛው ቀን ላይ የመሀል ጣታቸውና የቀለበት ጣታቸው ጫፍ ጠቆረ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ መጥተው አዩና ምች ነው አሉ። የለም፣ ጥላ ወጊ ነው አሉ። ምን ሆነሽ ነው ሲሏቸው እትዬ ዘይነባ፣ ሐረግ አጠገባቸው ቆማ እያለች፣ ተኝቼበት ነው አሉ። አንድ ጊዜም ወደ እሷ አላዩም። ወይዘሮ አሰጋሽ እንግዲያ መድኃኒቱ እሳት ነው፣ ማረሻ አግዬ ላምጣና ልተኩሰው፣ ደሙ ይነቃል ብለው ሊያመጡ ሄዱ።

ያኔ ሐረግ ገባት። ዝም ባለች ቁጥር ሌላው ሰው በማያውቀው ነገር ላይ መድኃኒት ሊያዝዝ ነው፤ ያን እጅ አሁን ደሞ በእሳት ሊጠብሱት ነው። ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጠች። እስከ ድንኳኑ አልቆመችም።

ክንፈ ቁስል እያጠበ ነበር። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ብልቃጡን፣ ስሪንጁን፣ ልኮኛል ማለቷን፣ ሦስቱን ቀን። ሊመታኝ ነው ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ደሙ ምን ይመስል ነበር?»

«ቀይ ነው። ደማቅ። ሳልስበው ዘሎ ገባ።»

ክንፈ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ፎጣው ከእጁ ወደቀ። ከዛ እንደ ሕፃን ልጅ ክንዷን ያዘና በጣቱ እያሳየ ነገራት፤ ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም፣ ቢጮህ ይሻላት ነበር። የምትመታዋ ከልብ ወደ ጣት የምትወርደዋ ናት አላት። የማትመታዋ ደሞ ከጣት ወደ ልብ የምትመለሰዋ። መድኃኒት የሚሰጠው በተመላሿ ነው፤ ልብ ጋ ደርሶ በብዙ ደም ይቀጥንና ይበተናል። በወራጇ ከሰጠሽው ግን ሳይቀጥን ቀጥ ብሎ ጣት ላይ ነው የሚወርደው፣ መንገዱንም አቃጥሎ ይዘጋዋል። ደም የማይደርሰው ጣት ደሞ ውሃ እንዳጣ ቡቃያ ነው።

«እኔ የምዳብሰው እኮ የምትመታዋን ልሸሻት ነው» አላት።

ወዲያው አብረው ወረዱ። ወይዘሮ አሰጋሽ ማረሻውን አግለው በበሩ ሲገቡ ደረሱባቸው። ክንፈ እንዳይተኩሱት፣ እንዳያሹት፣ እሳትም እንዳያስጠጉት ከለከለ። እጁን አየ፣ አንጓቸውን ዳበሰ፣ ኩታውን መልሶ አለበሰው። እህል አራግፎ ባዶውን ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና ነበር፤ ሹፌሩን ለምኖ አስቆመውና ለደሴ ሐኪሞች ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ማን ወጋት የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሳ። ወደ ሐረግ አየ። አይታወቅም ብሎ ሊጽፍላት ይችል ነበር፣ ዓይኑም እንደዛ እያላት ነበር። እኔ ነኝ በል አለችው። ምን ያህል እንደገባ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ደሙ እንዴት እንደዘለለ ሁሉንም ጻፍ አለችው፣ ይጠቅማቸው እንደሆነ። ጻፈው።

መኪናው ላይ ጋቢና ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር ቦታ የነበረው። ልሂድ አብሬ ብላ ሹፌሩን ለመነችው፣ ከኋላ ወታደር አለ፣ ሴት ልጅ አላሳፍርም አላት። እትዬ ዘይነባን ደግፋ አወጣቻቸው። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ የቀረውን ነገረቻቸው።

«እትዬ፣ ክንፈ አልላከኝም። ሰርቄው ነው። ዋሸሁዎት።»

«አውቄ ነበር» አሉ። «ክንፈ ቢልክልኝ እራሱ ይመጣ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እጅዎን ሰጡኝ?»

እጃቸውን በኩታው ውስጥ አስተካከሉት። ከዛ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እንደዛ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም አሉ። አውፍ ብዬሻለሁ ሐረግ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

ከዛ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት ረጅም ነበር። ክንፈ የመርፌውን ሳጥን ቆለፈባት፤ ውሃ ቅጂ፣ ገንፎ አድዪ፣ ከዛ አታልፊም አላት። ወሬው በከተማው ዞረ። ውሃ ስትቀዳ ልጆች ሐኪሟ መጣች፣ ጣትሽን ደብቂ እያሉ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከትታሉ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሰው ሬዲዮ ከቦ ሚኒስትሮቹ ወረዱ፣ ወታደሩ ተነሳ፣ ባላባቱ አበቃለት እያለ ይሟገታል፤ አገሩ በሙሉ ተገለባብጦ እየተንጫጫ ነው። ሐረግ ከኋላ ቆማ የምትጠብቀው ከደሴ የሚመጣ ሹፌር ብቻ ነው። ሹፌር በመጣ ቁጥር ትጠይቃለች፣ ሹፌር ሁሉ አላየሁም ይላታል። እትዬ ዘይነባ የጀመሩት ሌማት ግማሽ እንደሆነ ወስፌዋ ተሰክታበት ቤታቸው ውስጥ አለ። አንድ ቀን ልሰፋው ብላ ጀምራ ሦስት ዙር አበላሸችና መልሳ ፈታችው።

ከፋሲካ በኋላ አንዱ ሹፌር አገኛት። ለሴትዮዋ ሦስት ጣት ቆርጠውላታል አላት። እጁ ግን ተርፏል፤ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ባይኖር ከክርን ነበር የሚሄደው ብሏል አላት። ሹፌሩ ይኼን የነገራት ደስ ይላታል ብሎ ነው መሰለኝ። ሐረግ አመሰገነችውና ወደ ቤት ሄዳ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ሦስት ሲሆን ምን እንደሚቀር አየች። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቀራል። ወስፌ በዛ ይያዛል? ሞከረችው። ይያዛል። አይሰፋም ግን።

እትዬ ዘይነባ የመጡት ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት መኪና ስለማይገባ፣ ወረኢሉ ያለው ወንድማቸው ጀብሪል በበቅሎ ነው ያመጣቸው። ሐረግ ሮጣ ወጣችና ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ ልስማቸው ወይስ አልስማቸው አላወቀችም። እሳቸው ናቸው ስበው የሳሟት። ጀብሪል ግን ሰላም አላላትም። ከላይ እስከ ታች አያትና፣ ይቺ ናት አለ። እሷ ናት አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ውሃ አቅርቢልን ልጄ።

ሐረግ ያን ቀን ልቧ እንዴት ሞልቶ ነበር። ውሃ አቀረበች፣ እግራቸውን አጠበች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ለበቅሎዋ ሳር አመጣች፣ አፏም አላርፍ አለ፤ እትዬ እኔ እሠራለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ስፌቱንም እማራለሁ፣ እርስዎ እየነገሩኝ እኔ እሰፋለሁ እያለች ስትናገር ስትናገር እትዬ ዘይነባ ይሰሟታል። ጀብሪል ግን ልብስና ዕቃቸውን ወደ ጆንያ መክተት ጀመረ። ያኔ ነው ሐረግ ወሬዋን ያቆመችው።

ለካ የመጡት ሊሄዱ ነው። በሠራችበት ከተማ በሰው እጅ አትኖርም፣ እኔ ወንድሟ አለሁ፣ ወረኢሉ ከልጆቼ ጋር ትኖራለች ብሏል ጀብሪል። እትዬ ዘይነባ አልተከራከሩትም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው እንቢ ያሉት፤ ቤቱን ቆልፈን ለሌላ እንስጥ ሲላቸው፣ ልጅቷ መሄጃ የላትም፣ ቤተሰቦቿ ድምፃቸው እስኪሰማ በሁለቱም ክፍል ትኑርበት አሉ። ቁልፉን ለሐረግ ሰጧት። በቀኝ እጃቸው ነው የሰጧት፣ በሁለቱ ጣት ቆንጥጠው፤ እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

በማለዳ ጀብሪል በቅሎዋን ጫነ። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን በግራ እጃቸው ሊያስሩ ሞከሩ፣ ተንሸራተተባቸው፣ ደገሙ፣ ተንሸራተተ። ጀብሪል ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ ዞር አሉና ሐረግ እሰሪልኝ አሉ።

ከኋላቸው ቆማ አሰረችላቸው። አጠበቅሽው አሉ፣ ትንሽ ላላ አድርጊው። ፈታችና አላልታ አሰረችው። ፀጉራቸው ነጭ በዝቶበታል፤ ድሮ ስታይ የሌማቱ ቀለም ነበር ዓይኗን የሚይዘው፣ ፀጉራቸውን አይታው አታውቅም። ጀብሪል ደመናው እየከበደ ነው፣ ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር አለ። ሐረግ ሻሹን እንደገና ፈታችው። ደህና ታስሮ ነበር እኮ። ጫፉን ከጫፉ አስተካከለች፣ እጥፋቱን አቃናች፣ ከጆሯቸው ኋላ አሳለፈችው፣ እንዲያ ቀስ እያለች። እትዬ ዘይነባም ጠበቀ ወይ ላላ ሳይሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩላት።